ይገባል ወይስ ይገጥማል?

አማርኛ ውስጥ እንደ «ገጠመ» ሥራ የበዛበት ግሥ ብዙ የለም። ገጣሚ ግጥም ይገጥማል። ጦር ከጦር ይገጥማል። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል። ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች እሑድ ከሰዓት ይገጥማሉ። መንገድ የወጣ ሰው ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል። ይኼ ሁሉ ሸክም አልበቃ ብሎት ይህ ምስኪን ግሥ መኪና አገራችን ከገባ ወዲህ ሌላ ሥራ ተጨምሮለታል። የመለዋወጫ ዕቃ ይሸጣል።

«ይሄ ቸርኬ ለእኔ መኪና ይሆናል?»

«ይገጥማል!»

አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

ዛሬ ሂስ ላቀርብበት የፈለግሁት ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል አይደለም፤ ይህቺኑ አንዲት ቃል ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ፣ አንድ ድርሰት አጭር ስለሆነ አትናቁት እላቸው ነበር። «ይገጥማል» ባለ አንድ ቃል ድርሰት ነው። ደራሲው ሻጩ፣ አንባቢው ገዢው፣ መቼቱ የመለዋወጫ ሱቅ። መጨረሻው የት እንደሚሆን ግን ገና አይታወቅም፤ ምናልባት ቁልቁለት ላይ ነው።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው አሮጌ ፒክአፕ ለሌለው ነው። እኛ አገር ፒክአፕ አርጅቶ አይጣልም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይሸጋገራል እንጂ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ። ውሳኔዎቹ ልክ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለባለሙያዎቹ ልተወው። ለእኛ ግን መልእክታቸው አንድ ነው፤ ያለህን ያዝ። ያለንን ለመያዝ ደግሞ ጎማና ቸርኬ ያስፈልጋል። ችግሩ የድሮዎቹ ፒክአፖች በ14፣ በ15 እና በ16 ኢንች ቸርኬ የሚሄዱ ሲሆኑ አዳዲሶቹ ወደ 17 እና 18 ኢንች አድገዋል። የድሮው ልክ ከገበያ እየሳሳ ሄደ። ስለዚህ ባለ አሮጌ ፒክአፕ «የራሴን አምጡልኝ» ማለቱን ትቶ «የሚገጥም አለ?» ማለት ጀመረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ።

ጎረቤቴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ነጠላ ጋቢና፣ በአራቱም እግር የሚገፋ የድሮ ቶዮታ ሃይሉክስ አለችው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ከአራቱ ቸርኬዎች አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተጣሟል። ሌላው ሁለት ጊዜ ተበይዶ ሦስተኛ ቀን ላይ ነፋስ የሚያስተነፍስ ሆኗል። እናላችሁ አንድ ቅዳሜ መጣና፣ «ጋሼ፣ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ አግኝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። እርስዎ የተጻፈውን ያነቡልኛል፤ እስቲ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ሄድን። ቸርኬዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ከየትኛው መኪና እንደወረዱ ሻጩም አያውቅም። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ እንድንቀመጥ ሁሉ ጋብዞናል። ጎንበስ ብዬ ቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ሳይ ሳቅ አለ።

«አባቴ፣ ምን ያነባሉ? ይሄ ስድስት ቀዳዳ ነው፤ የእሱም ስድስት ቀዳዳ ነው። ይገጥማል አልኩዎት!»

«መሐሉስ? ጠበብ አላለም?»

«ከጠበበ ቶርኖ ቤት ወስደን እናሰፋዋለን።»

«ወደ ውጭ አይወጣም ግን?»

«ይወጣል እንጂ! ሰፋ ብሎ ሲቆም አይደል እንዴ ግርማ ሞገሱ?»

«ዳዶውስ?»

«ዳዶ የትም አለ፣ አባቴ።»

እስቲ ይህን ምልልስ እንደ አንድ ድርሰት መስመር በመስመር እንመልከተው።

መስመር አንድ፤ «ስድስት ቀዳዳ ነው»። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጥያቄው ቀዳዳዎቹ ስንት ናቸው ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ክብ ላይ ተደርድረዋል የሚል ጭምር ነው። በአራቱም እግር የሚገፉት የድሮ ሃይሉክሶች ስድስቱ ቀዳዳዎች ያረፉበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለምን ነጥብ ሰባት የሚል ጭራ አበቀለ ቢሉ፣ በኢንች አምስት ተኩል ስለሆነ ነው። የድሮ ኒሳን፣ አይሱዙና ሚትሱቢሺ ፒክአፖችም ብዙዎቹ ይህንኑ ክብ ይጋራሉ። የሻጩ ልበ ሙሉነት የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የመጣው ኒሳን ናቫራ፣ ዲ 40 የሚባለው፣ ቀዳዳው ስድስት ሆኖ ክቡ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። የላንድክሩዘር ፒክአፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ባለ አምስት ቀዳዳ ሆኖ ክቡ 150 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ከሃይሉክስም መካከል በኋላ እግር ብቻ የሚገፉ፣ ባለ አምስት ቀዳዳ የሆኑ አሉ። አንድ ስም፣ ብዙ ልክ።

መስመር ሁለት፤ «ቶርኖ ቤት ወስደን እናሰፋዋለን»። የቸርኬው መሐል ቀዳዳ መኪናው ላይ ካለው እምብርት ጋር ልክ መሆን አለበት። የሃይሉክሱ ወደ 106 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ የድሮው ኒሳን 100 ነው፤ አዲሱ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ደግሞ ወደ 67። እንግዲህ ስድስቱ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ቢገጣጠምም መሐሉ አላስገባም ሊል ይችላል ማለት ነው። ማስፋት ይቻላል፤ ግን የሚላጠው ቸርኬው ሸክሙን የተሸከመበት አካል ነው። ከልክ በላይ ሰፍቶ ከተገኘ ደግሞ ዳዶዎቹ በሥርዓት ካልታሰሩ ቸርኬው መሐሉን ይስትና መሪ ያንቀጠቅጣል።

መስመር ሦስት፤ «ሰፋ ብሎ ሲቆም»። ይህ የምልልሱ ቅኔያዊ መስመር ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ማንኛውም ቸርኬ መኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ አጋማሽ ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደሚርቅ ታስቦ ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ላይ «ኢ.ቲ.» ከሚሉ ሁለት ፊደላት አጠገብ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ጎማው ከታሰበለት ቦታ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ሸክሙ ኩሽኔታውን እንደ ረጅም እጀታ ይጠመዝዘዋል፤ መሪ ሲጠመዘዝም ፓራፋንጎ ይልሳል። ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከፍሬኑ ወይም ከባሌስትራው ጋር ይሻሻል። ግርማ ሞገስ የተባለው ነገር ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ዕቃ ነው።

መስመር አራት፤ «ዳዶ የትም አለ»። አለ፤ ግን የትኛው? የቶዮታም የኒሳንም ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ግን በቶዮታው በየ1.5፣ በኒሳኑ በየ1.25 ሚሊ ሜትር ነው የተቆረጠው። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ሲሰጥ ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል። ከዚያ በጉልበት የሚገፋው ሰው ዳዶ እያሰረ ሳይሆን ጥርስ እያረገፈ ነው። በዚያ ላይ ለብረት ቸርኬ የሚሆነው ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ የቶዮታ የራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ግን ከሥሩ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ነው። ሁለቱን ማለዋወጥ ማለት ቸርኬውን በቅጡ ሳይዙ አሰርኩ ማለት ነው። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ይላላል።

አራት መስመር፣ አራት ጉድለት። ሥነ ጽሑፍ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቱ የሚመታ፣ ሐሳቡ ግን የማይያያዝ ግጥም ስንት ጊዜ አርሜያለሁ! ተማሪው የስንኞቹ መጨረሻ ፊደል ተመሳሰለልኝ ብሎ ገጠምኩ ይላል። የቀዳዳዎቹ ቁጥር መመሳሰል ቤት መምታት ነው። ቤት መምታት የግጥም መጀመሪያ እንጂ ግጥም አይደለም።

ሻጩን ውሸታም ማለቴ ግን አይደለም። እሱ በሚያውቀው አማርኛ «ይገጥማል» ማለት «ብሎኑ ይገባል» ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ አልዋሸም። እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የመኪና ዕቃ ስሞቻችንን ልብ በሏቸው፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ስኮርታ፣ ጋቢና፣ ጎሚስታ። ከጣሊያንኛ ወርሰን እንደ ራሳችን አድርገናቸዋል፤ ጥሩ አደረግን። ግን የወረስነው የሚዳሰሰውን ዕቃ ስም ነው። ቀዳዳዎቹ ለሚያርፉበት ክብ፣ ለመሐሉ ቀዳዳ ልክ፣ ወደ ውጭ ለመውጣትና ወደ ውስጥ ለመግባት ሱቅ ውስጥ የሚነገር አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ስም የሌለውን ነገር ማን ይጠይቃል? ገዢው «ስንት ቀዳዳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ ያለው እዚያ ድረስ ነውና። ሻጩም የተጠየቀውን ይመልሳል። የሁለቱም ዕውቀት ቋንቋቸው ያለቀበት ቦታ ላይ ያልቃል። ሰው የሚሞትበት ጉድለት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ደግነቱ ልክን ያለ ስምም የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ከሱቁ አንዱን ቸርኬ በቀብዱ አስወጥተን ወደ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ወሰድነው። ሰውየው ምንም አልተናገሩም። የጎረቤቴን መኪና በክሪክ አንስተው የድሮውን ጎማ ፈቱ። ሜትራቸውን አውጥተው ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ፤ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ልክ ነው። ቸርኬውን አስጠጉት፤ እምብርቱ አላስገባም አለ። ከዚያ የድሮውንና አዲሱን ቸርኬ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ደፉ። ቀጥ ያለ እንጨት በየተራ ጠርዛቸው ላይ አጋድመው፣ ከእንጨቱ እስከሚያርፉበት ገጽ ያለውን ጥልቀት በጣታቸው ለኩ። የሁለት ጣት ልዩነት።

«ቢሰፋ ይገባል፣ ልጄ» አሉት ጎረቤቴን። «አይገጥምም እንጂ።»

እኔ አራት መስመር የፈጀሁበትን ሂስ እሳቸው በሁለት ግሥ ጨረሱት። ይገባል፤ አይገጥምም።

«ቀብዱስ? አይመለስም ብለውኛል» አለ ጎረቤቴ።

«ሁለት ጣት ወደ ውጭ ወጥቶ ሽንኩርቱን የሚሸከመው ማን ይመስልሃል? ኩሽኔታው ነው። ደግሞስ ጋቢና ውስጥ ማንን ነው የምትጭነው?»

ጎረቤቴ አልመለሰም። ገበያ ሲደራ ሚስቱ አብራው ትሄዳለች፤ ትምህርት ሲዘጋ ልጁ መሐል ትቀመጣለች። ቸርኬውን መለሰ፣ ቀብዱን ተወ። የአንድ ሳምንት ትርፉ ነበር።

ከቸርኬው ይልቅ የሚበልጠው ዝምታችን ግን ጎማው ላይ ነው። ጎማ ጽሑፍ ነው፤ ጎኑ ላይ ሁሉ ነገር ተጽፎበታል። አናነበውም እንጂ። «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ረድፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የልደት ቀኑ ናቸው። 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር በረባሶ ከመሆን ሌላ ዕጣ የለውም። ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከአምራቾቹም መካከል ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት የሚመክሩ አሉ።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የመሸከም አቅሙ ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 104 ማለት 900 ኪሎ። የቤት አውቶሞቢል ጎማ በዲያሜትሩ ፒክአፕ ላይ ሊገባ ይችላል። ባለ 91 ሁለት ጎማ ከኋላ ብናስር አቅማቸው ተደምሮ 1,230 ኪሎ ነው። አሁን አንድ ቶን ሽንኩርት ጫኑና የመኪናዋን የራሷን ክብደት ጨምሩበት፤ ሒሳቡ ሞጆ ሳይደርስ ይበላሻል። የጭነት ጎማ መጠኑ መጨረሻ ላይ «ሲ» የሚል ፊደል የሚለጠፍበት በከንቱ አይደለም። አራቱ እግር በሚገፋ መኪና ላይ ደግሞ የጎማዎቹ ቁመት ካልተስተካከለ፣ አራቱም በተያያዙ ጊዜ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ጥርሳ ጥርሱ ነው።

እንግዲህ አንድ አንባቢ «ድሃ አገር ነን፤ ሁሉን ከፋብሪካው ልክ ማን ይችላል?» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። አሮጌ ፒክአፕ አዲስ ቸርኬ ከፋብሪካው ያምጣ የሚል ሰው የጎረቤቴን ኪስ አያውቅም። ከሌላ መኪና የወረደ ቸርኬ መግዛት ነውር አይደለም፤ ልኩ ከሆነ ወንድም ከወንድም የተበደረው ማለት ነው። ጎረቤቴም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእሱው ዓይነት መኪና የወረዱ ሁለት የብረት ቸርኬዎች በቅናሽ አገኘ። ከአራቱ የተሻሉትን ሁለቱን አስቀረ፣ የተጣመመውንና የተበየደውን አስወገደ። ለስኮርታም ልኩን እየፈለገ ነው፤ ለክፉ ቀን የተያዘ ጎማ በክፉ ቀን ካልገጠመ ምን ይሠራል? አያብረቀርቁም፤ ግን ቆመዋል። ድህነት ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ምክንያት ይሆናል፤ ላለመለካት ግን ምክንያት አይሆንም። ሜትር ከቸርኬ ይረክሳል።

ይህ ልማድ መኪና ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዓምድ ባላባከንኩበት። ግን ስንቱን ነገር ነው በቀዳዳ ቁጥር የምንገጥመው! ዲግሪ አለው፣ ቦታው ዲግሪ ይጠይቃል፤ ይገጥማል። ውጭ አገር የሠራ መመሪያ ነው፣ እኛም መሥሪያ ቤት አለን፤ ይገጥማል። መሐሉ ጠበበ ሲባል እናሰፋዋለን፤ ወደ ውጭ ወጣ ሲባል ያምራል። ከዚያ መሪው ሲንቀጠቀጥ ሾፌሩን እንሰድባለን።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ብዙ አልጠይቅም። ያገለገለ ቸርኬ የሚሸጥ ሰው አራት ቁጥር በቾክ ይጻፍበት፤ የቀዳዳው ብዛትና ክብ፣ የመሐሉ ልክ፣ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የሚሄድበት ሚሊ ሜትር፣ የሚፈልገው ዳዶ። ደረሰኝ ላይም «ቸርኬ 4 ፍሬ» ብሎ ከመዝጋት የመኪናው ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ፤ ያኔ «ይገጥማል» የአፍ ቃል መሆኑ ቀርቶ ፊርማ ይኖረዋል። ለዓመታዊው ቦሎ መኪና ሲመረመርም መርማሪው የጎማውን ጥርስ ካየ በኋላ ዓይኑን ትንሽ ወደ ጎን ዘወር አድርጎ ቁጥሮቹን ቢያነብ ደቂቃ አይፈጅበትም። ገዢውም ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አይርሳ። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ቸርኬ ይዞ ወደሚያምነው ጎሚስታ ይሂድ፤ ከቀብድ በኋላ የሚመጣ ሂስ ውድ ነው።

የቋንቋ ሰዎችም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። ለልክ ስም ማውጣት የመዝገበ ቃላት ሥራ ብቻ አይምሰለን። ጎሚስታዎቻችን በጣታቸው የሚያውቁትን ነገር ጠይቀን፣ ስሙን ከእነሱው አፍ ወስደን ብንጽፈው፣ ለሚቀጥለው ገዢ የሚጠይቅበት ቃል እንሰጠዋለን።

ስንለያይ የምንባባለው «ቸር ይግጠመን» ምርቃት ነው፤ አሜን ማለት ይገባል። ቸርኬን በተመለከተ ግን ከአሜን በፊት ሜትር ይቅደም። እንግዲህ ለክታችሁ ግዙ፣ አንብባችሁ እሰሩ። ቸር ይግጠመን።